መስኮት መራጩ

ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላልና ደፍሬ በመጻፌ ይቅርታ። ሕሙማን የታመቀ አየር ውስጥ ተቀምጠው የሚታከሙበትን የብረት ክፍል የበየድኩት እኔ ነኝ። መስኮቱን የመረጠው ግን ኮቱ የተጣፈ፣ አንድ ዓይና እንግዳ ነው።

"መስታወት ሳይናገር ይፈነዳል፤ ይሄ ወፍራም ፕላስቲክ ግን አስቀድሞ ስንጥቅ ያሳያል" አለና የጠፋ ዓይኑን ዳሰሰ።

አለቃዬ እኔን ሃያ ዓመት ሙሉ "አንተ" ሲለኝ፣ እሱን በአንድ ቀን "ጋሼ" አለው። ቅናት አንገበገበኝ። የእኔም እጅ ይታይ ብዬ የተገጠመውን ፕላስቲክ በአልኮል ወለወልኩት። ለካ አልኮል ይሰነጥቀዋል። ሰውዬው ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች አየ፣ አሸተተ፣ ወደ እኔ ዞረ። አበቃልኝ፣ ከሥራ ተባረርኩ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከአለቃዬ ቀድሞ መጥቶ መስኮቱን በመጠባበቂያ በተቀመጠ ሌላ ፕላስቲክ ለወጠው። ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ እጄ ላይ አስቀምጦ፣ "በዚህ ወልውል፣ ወንድሜ" አለኝ።