የየሺ ሠርግ ዋዜማ

ልጅ ሳለሁ፣ የወተት ጥርሶቼ ገና መውለቅ በጀመሩበት ዘመን፣ በአንድ የጥር ዓርብ አባቴና አክስቱ እማሆይ ወለተ ማርያም ከወረታ ይዘውኝ ወደ ሠርግ ሄዱ። ሠርጉ የአያ ደምሴ ልጅ የየሺ ነበር። አያ ደምሴ ዘመዳችን አይደሉም። እሳቸውና አባቴ ጎጆ ሲወጡ ለየራሳቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለነበራቸው፣ በሬዎቻቸውን አቀናጅተው አብረው ያረሱ ወዳጆች ናቸው። በኋላ አያ ደምሴ በሚስታቸው ርስት ጉማራ ወንዝ ዳር ገብተው ቢቀመጡም ወዳጅነቱ አልተቋረጠም።

እማሆይ በበቅሎ፣ እኔና አባቴ በእግር ነበርን። በዚያ ወራት የፎገራ ሜዳ ውሃው ሸሽቶለት ጥቁሩ ዋልካ አፈር ይሰነጣጠቃል፤ እግሬ ስንጥቁ ውስጥ እንዳይገባ እየዘለልኩ፣ አባቴ የነቀለልኝን የሽምብራ እሸት እየፈለፈልኩ ሄድኩ። ደክሞኝ ማልቀስ ስጀምር እማሆይ ከኋላቸው አፈናጠጡኝና፣ «ሠርግ ቤት ባበጠ ዓይን አይገባም» አሉኝ። እሳቸው ከሠርጉ በኋላ ወንዛዬ ወርደው ጉልበታቸውን በፍል ውሃ ሊታጠቡ አስበው ስለነበር፣ በመንገድ ሁሉ የሚያወሩት ስለዚያ ነበር።

ስንደርስ ዳሱ ተጥሏል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሽር ጉድ ይላል። የሺ ግን ፊቷ አልፈካም። እናቷ እትዬ ማንጠግቦሽ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን እጃቸውን ይዛ የምትመራቸው እሷ ነበረች። በቤቱ ሌላ ልጅ የለም። ሙሽራው ከጉማራ ማዶ፣ ከአንበሳሜ በኩል ነው። በበጋ ወንዙን ልጅም ይሻገረዋል፤ ክረምት ሲሞላ ግን ማዶና ማዶ ሆኖ መተያየት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አያ ደምሴ ከጧት እስከ ማታ እርሻ ላይ ናቸው። የሺ ይህን ለአባቷ አልተናገረችም። ያኔ ልጅ በትዳሯ ጉዳይ አባቷ ፊት አፏን አትከፍትም።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ሥራው ጋብ ሲል፣ ምድጃውን ከበን ተቀመጥን። የኩበቱ ፍም ቀልቷል፤ ጢሱ ከኩራዙ ጭስ ጋር ተደባልቆ ዓይን ይቆጠቁጣል። አያ ደምሴ መደቡ ላይ ጋደም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል፤ የተኙ መስሎኝ ነበር። የሺ የእናቷን እግር ታጥባለች። እማሆይ ጥቂት ሲያዩዋት ቆዩና ማንም ሳይጠይቃቸው ተረት ጀመሩ።

«አንድ ሰው አንዲት ጊደር ነበረችው። ከወንዝ ማዶ ላለ ወዳጁ ሰጣት። ጊደሯ ግን ሲመሽ ወንዙን እየተሻገረች ትመጣና እናቷ በታሰረችበት አጥር ሥር ቆማ ትጮሃለች። ሰውየው ነድቶ ይመልሳታል፤ ተመልሳ ትመጣለች። ደበደባት፤ መጣች። እንዲህ እንዲህ ሲል ክረምት ገባ፤ ወንዙ ሞላ። አንድ ማታ ድምጿን ከማዶ ሰማ። ‹መንገዱን ታውቀው የለ፣ ትመጣለች› ብሎ ተኛ። ሲነጋ ወንዙ ዳር ቢወርድ ከወዲህ በኩል ኮቴ የለም።»

«ሰጠመች?» ብዬ ጮህኩ።

«ተኚ አንቺ» አሉኝ እማሆይ።

ለጊደሯ አለቀስኩላት። አያ ደምሴ ከመደቡ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን ደረብ አድርገው ወደ ውጭ ወጡ።

እሑድ ሙሽራው አጃቢዎቹን አስከትሎ መጣ። ጥሎሹ ታይቶ ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲሉ አያ ደምሴ ብድግ አሉ።

«አንድ ቃል አለኝ። ልጄ ክረምት ክረምት እናቷ ዘንድ ትክረም።»

የሙሽራው አባት ደማቸው ፈላ። «ይህ ከተነጋገርነው ውጭ ነው! ክረምቱን ሙሉ ከባሏ የምትለይ ምን ሚስት ትባላለች?»

«እናቷ ዓይን የላትም። እኔ እርሻ ላይ ነኝ። ጉማራ ከሞላ ብንጠራት አትሰማን፤ ብትሰማም አትደርስልን።»

«እንግዲያው ልጅዎን ይያዙ!» አሉ የሙሽራው አባት ከመቀመጫቸው ተነሥተው። አጃቢዎቹ ዱላቸውን አነሡ። ከበሮው ጸጥ አለ። የሺ ከመጋረጃው ኋላ የእናቷን እጅ ጨምድዳ ይዛ አይቻታለሁ። ያኔ ሙሽራ በሠርጉ ዕለት አንገቱን ይደፋል እንጂ አይናገርም፤ ይኼኛው ግን ቀና አለ።

«አባባ፣ ይቀመጡ። ጉማራ ሳይሞላ እኔው አሻግራታለሁ፤ መስከረም ሲጠባ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«ሙሽራ ይናገራል እንዴ?» አሉ አባቱ ደንግጠው።

«የዛሬው ተናገረ!» አለ አንዱ ሽማግሌ። ሳቁን የጀመረው እሱ ነው፤ ቀጥሎ ዳሱ ሁሉ ሳቀ፤ በመጨረሻ የሙሽራው አባትም ሳይወዱ በግድ ሳቁና ተቀመጡ። ምርቃቱ ቀጠለ።

በማግስቱ እማሆይን ወደ ወንዛዬ ስንሸኛቸው አባቴ፣ «ያን የጊደሯን ተረት ከማን ሰሙት? እኔ ሰምቼው አላውቅም» ብሎ ጠየቃቸው።

«ከማን እሰማዋለሁ! ልጅቷ የእናቷን እግር ስታጥብ እያየሁ አሰብኩት። ለደምሴ ፊት ለፊት ብነግረው ‹በልጄ ምን አገባዎት› ይለኝ ነበር። በጊደር ማን ይቆጣል?»

እስከዚያች ቀን ድረስ ተረት ሁሉ ከጥንት የወረደ፣ ማንም ያልፈጠረው ይመስለኝ ነበር። ለአንድ ሰው ጆሮ ሲባል፣ በአንድ ምሽት፣ ምድጃ ዳር ሊወለድ እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። ዛሬም ተረት ስሰማ ማን እንደነገረው ብቻ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ለማን ተብሎ እንደተነገረ አስባለሁ።

የየሺ ባል ቃሉን ጠበቀ። ሰኔ በገባ ቁጥር አሻገራት፤ እሷም እናቷን እየመራች ብዙ ክረምት ከረመች። እትዬ ማንጠግቦሽ ያረፉት በነሐሴ ነው። ጉማራ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር፤ የሺ ግን አጠገባቸው ነበረች።