ቸኩዬ ለዕድሩ የነገርኩት

ማንበብ የለመድኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ልጆቼን በትምህርት ጉዳይ አሳርፌያቸው አላውቅም፤ ቡራዩ ባለው ቤታችን እኔ ሳይገባኝ የሚታለፍ ነገር የለም። ትልቋ ልጄ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትጀምርም «ምን እንደምትሠሪ አስረጂኝ» አልኳት።

«የአፍ ካንሰር ሴሎችን ሳህን ላይ አሳድጋለሁ። ከዚያ ፀረ እንግዳ አካል እጨምርባቸዋለሁ። ሴሉ ላይ ሄዶ ይጣበቅና ‹ፍረስ› ይለዋል። ሴሉም ራሱን ያፈርሳል።»

«ራሱን? ምን ዓይነት ቂል ነው!»

ሳቀች። «አባዬ፣ አንተ አሮጌ የጭቃ ቤት ስታፈርስ በአንዴ ገፍተህ ትጥለዋለህ?»

«ጎረቤት ላይ? መጀመሪያ ቆርቆሮውን አወርዳለሁ፣ ምስማሩን እነቅላለሁ፣ እንጨቱን ለብቻው እከምራለሁ።»

«እንደዚያው ነው። ሴሉ በትንሽ በትንሹ ተቆራርሶ ይጠቀለላል። አጠገቡ ያሉት ሳይጎዱ ያነሱታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋ ሥራዬ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ከላቦራቶሪ ደወለች። «ሞቱ አባዬ፣ ግን...» ከ«ግን» በኋላ ያለውን አልሰማሁም፤ በደስታ ስልኩን ዘጋሁት። በማግስቱ ዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ልጄ ካንሰርን ገደለች!» አልኩ። ተጨበጨበ። ኦቦ ብዬ የምጠራቸው ሽማግሌው ሰብሳቢያችን «ገለቶሚ! አመስግንልኝ» አሉ።

ቤት ስገባ ልጄ ተክዛ ጠበቀችኝ። ላቦራቶሪው መብራት ጠፍቶበት ማሞቂያው ቀዝቅዞ ኖሯል። ለማነጻጸሪያ ብላ ፀረ እንግዳ አካሉን ያልጨመረችባቸው ሴሎችም አብረው ሞተዋል። የገደላቸው ብርዱ ይሁን የእሷ ሥራ አይታወቅም። እንደገና ሠርታ ካላሳየች ደግሞ አትመረቅም፤ የቀራት ጊዜ አጭር ነው።

ቀጥሎ ያልኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። «ያልተጨመረባቸውን ባትጠቅሻቸውስ? ማን ያያቸዋል?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሰባተኛ ክፍል ሆኜ የቤት ሥራ ስገለብጥ ክረምቱን ሙሉ ከቤት እንዳልወጣ ያደረግኸኝ አንተ አይደለህ?»

አባት ልጁን የሚገሥጽበት ቃል ዞሮ ሲገሥጸው ዝም ብሎ መቀበል አለበት። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ እንደገና ልትጀምር ሄደች።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ተነሣሁ። «ባለፈው የነገርኳችሁ ስህተት ነው፤ ላቦራቶሪው መብራት ጠፍቶበት ሴሎቹን ብርዱ ገድሏቸው ይሆናል። ሥራው ገና አላለቀም፤ ቢያልቅም ሳህን ላይ ነው እንጂ ሰው ላይ አይደለም። የቸኮልኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ አይደለችም።»

ኦቦ በምርኩዛቸው መሬቱን መታ አደረጉ። «እና ካንሰሩን የገደለው መብራት መጥፋቱ ነው በላ!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ፣ ቀለለኝም።

ከሳምንታት በኋላ ስልኬ ጮኸ። «ሞቱ አባዬ!»

«ቆይ፣ ቆይ! ያልተጨመረባቸውስ?»

«አሉ! በሕይወት አሉ! ተባዝተው ሳህኑን ሞልተውታል!»

የሞቱትን ፎቶ ላከችልኝ። ትናንሽ ክብ ክብ ቁርጥራጮች ሆነዋል፤ ዙሪያቸው ምንም አልተበላሸም። እኔን ግን ይበልጥ ያስደሰቱኝ በሕይወት የተረፉት ናቸው። ግቢው መሃል ቆሜ ትከሻዬን ስነቀንቅ ሚስቴ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ሆና ለጎረቤት ተጣራች፦

«ኧረ ኑ እዩልኝ! ይሄ ሰውዬ ካንሰር ተረፈልኝ ብሎ ይጨፍራል!»