ከማል የማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ ሜሮን ከልምምድ ተመልሳ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችና ቁጭ አለች። መረብ ኳስ ተጫዋች ናት። ደብረ ማርቆስ አድጋ፣ እዚሁ ተምራ፣ ለከተማዋ ቡድን ለመሰለፍ ስትመኝ የኖረች ልጅ፣ «የተወለድሽው ይጁቤ ስለሆነ መጫወት የምትችዪው ለይጁቤ ነው» ተብላ መጣች። አባቷ እዚያ ሲሠራ ነው የተወለደችው፤ ይጁቤን የምታውቀው በሚኒባስ መስኮት ነው። «አያቴ፣ ይሄ ምን የሚሉት ሕግ ነው?» ብላ ስታፈጥብኝ ሳቄ አመለጠኝ። አኮረፈች። እኔ ግን የሳቅሁት በእሷ አይደለም፤ ከማል ትዝ ብሎኝ ነው።

እኔ የሮብ ገበያ አካባቢ ልጅ ነኝ። መንደራችን በአንዲት ወንዝ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር። ዓመቱን ሙሉ አብረን እናርሳለን፣ እንጋባለን፣ እንቀብራለን። የገና ለት ግን አንተዋወቅም! ገብሱ ታጭዶ ሜዳው ባዶውን ሲቀር፣ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ቆልማማ ዱላችንን ይዘን እንወጣለን። ሩሯን፣ ያችን ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል፣ እየመታ በባላጋራው ወሰን ያሳለፈ ያሸንፋል። ያሸነፈም ቤት ለቤት እየዞረ ተሸናፊውን በግጥም ይሰድባል። የተሰደበ አይቆጣም፤ አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል። አቤት ያ ስድብ! ታች ሰፈሮች በየዓመቱ እያሸነፉ አባቴን በገዛ በራፉ ሲሰድቡት አድጌ፣ አንድ ዓመት፣ ዘንድሮ ካላሸነፍን ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ተነሣሁ።

መድኃኒቱ ከማል ነው። ከማል ትምህርት ቤት ከጎኔ የሚቀመጥ ጓደኛዬ ነው፤ አባቱ ጋሽ ሁሴን ሮብ ገበያ ላይ ሱቅ አላቸው። ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ሲያዩት ንፋስ የሚጥለው ልጅ ነበር። ዱላ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ሩሯን ከእሱ የሚነጥቅ አልነበረም። ችግሩ ደንቡ ነው። ለሰፈር የሚጫወት የሰፈሩ ልጅ ብቻ ነው፤ ገበያ መሐል ያደገ ሰው ደግሞ የላይም የታችም አይደለም። ከማል በየገናው ሜዳው ዳር ቆሞ ሲያይ፣ ባዶ እጁ ዱላ የጨበጠ ይመስል ሲወዛወዝ አየው ነበር። አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ደንቡን የሚጠብቁት የታች ሰፈሩ ሽማግሌ አያ ዘለቀ ናቸው፤ ለገዛ ልጃቸው እንኳ የማያዳሉ።

በጾሙ አንድ ቀን እኛ ቤት ድንች ቅቅል በአዋዜ እየበላን ዘዴው መጣልኝ። በእኛ አገር ሰው ያልወለደውን የጡት ልጅ ያደርጋል። ሴትዮዋ ማር የተቀባ አውራ ጣቷን ታጠባዋለች፣ ጎረቤት ይመሰክራል፣ ከዚያ ወዲያ ልጇ ነው። ሃይማኖት አይለይም።

«እማዬ፣ ከማልን የጡት ልጅ አድርጊው» አልኳት።

«ለገና ጨዋታ ብለህ?»

«ለገና ጨዋታ ብዬ።»

ወደ ከማል ዞረች። «አንተስ? ጨዋታው ሲያልቅ ልጅነቱ አያልቅም። ስታመም ትጠይቀኛለህ፣ ስሞት ታለቅሰኛለህ። እወቀው።»

ከማል ድንቹን አስቀመጠ። «አውቃለሁ፣ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ።

ጋሽ ሁሴን ሲጠየቁ ከት ብለው ሳቁ። «ልጁን ቀልቤ ቀልቤ አልወፍር አለኝ፤ እስኪ እሷም ትሞክረው!» ብለው ማሩን ራሳቸው ላኩ። እሑድ ጎረቤት ተሰብስቦ ከማል የእናቴን ጣት ጠባ። እኔ ደስታዬን አልችል ብዬ ስድቡን ሁሉ ገጥሜ ጨርሻለሁ።

የገና ጠዋት ተሰለፍን። አያ ዘለቀ ከማልን ሲያዩ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መጡ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእናቴ የጡት ልጅ ነው። የላይ ሰፈር!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«መልካም። ልጅ በአባቱ ይቆጠራል። የዚህ አባት የገበያ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ጡት ባጠባችው ነው፤ እሷ ደግሞ በአባቷ። እናትህ የት ተወለደች?»

ክው አልኩ። እናቴ የታች ሰፈር ልጅ ናት! ለአባቴ ተድራ ነው ወንዙን የተሻገረችው። ይህን ስንማከር እኔም ከማልም አላሰብነውም።

«እንግዲያው ከማል የታች ሰፈር ነው» አሉ አያ ዘለቀ። ታች ሰፈር በእልልታ ተናጋ።

ሮጬ ከሴቶቹ መሐል እናቴ ዘንድ ሄድኩ። «እማዬ! ይሄን ታውቂ ነበር?»

«አልጠየቅኸኝማ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የወለድኳችሁ ሁሉ ለአባታችሁ ሰፈር ነው የምትጫወቱት። ከወንድሞቼ ጎን አንድ ልጅ ቢቆምልኝ ምን አለበት?» አለችኝ።

ከማል ተከትሎኝ መጣ። «ካልፈለግህ አልጫወትም» አለኝ። አትጫወት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በንዴት ጦፌአለሁ። ግን እጁ በዚያ ዱላ ላይ እንዴት እንደ ጠበቀ አየሁና፣ «ሂድ ተጫወት። ቅልጥምህን ግን ጠብቅ!» አልኩት።

ምን ላርዝመው፣ አሸነፉን። የመጨረሻዋን ሩር ያሳለፋት ከማል ነው።

ከሰዓት ታች ሰፈሮች እየጨፈሩ በራችን ደረሱ። ያሸነፉባት ምት የከማል ስለሆነች ስድቡን መጀመር ያለበት እሱ ነው። አባቴ ፊት ቆመና ድርቅ አለ።

«ምነው? አሸንፈህ የለም? ስደበኝ እንጂ!» አለው አባቴ።

«እርስዎን አልችልም፣ ጋሼ።»

«የሚያፍር እንግዳ ነው። ልጄ ከሆንክ ስደበኝ!»

ከማል ጉሮሮውን ጠረገ፦

«ለገና የሚሆን ዱላ አጣሁ ቆልማማ፣
የጋሼ እግር አለ እኛው ቤት ለካማ!»

አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «እኛው ቤት» ያላትን ሁላችንም ሰማናት። እናቴ የእኛን እርድ እንደማይበላ ታውቃለችና ለብቻ ያስቀመጠችለትን ዳቦና እርጎ አቀረበችለት። የእኔም ንዴት ምን እንደ በላው እንጃ፣ አብሬው ቀርቤ ዳቦውን እሻማው ጀመር።

ከማል ቃሉን ጠበቀ። እናቴ በእርጅናዋ ስትታመም ማርቆስ ሆስፒታል ከእኔ ጋር እየተፈራረቀ አስታመማት፤ ስትሞትም ለቀስተኛ የተቀበልነው ጎን ለጎን ቆመን ነው። ጨዋታ ለማሸነፍ ብዬ ያመጣሁት ሰው ወንድሜ ሆኖ አረጀ። ሽንፈት እንዲህ ከሆነ በየዓመቱ ልሸነፍ!

ይህን ሁሉ ስነግራት ሜሮን ኩርፊያዋን ረሳች።

«እና ለይጁቤ ልጫወት?»

«ደንቡ ልክ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፣ ልጄ። መጫወቱን ግን አትተዪው።»

«ከማርቆስ ጋር ስንጋጠም ታዲያ ለማን ነው የሚያጨበጭቡት?»

«ለማርቆስ ነዋ! የምኖርበት አገር!» አልኳት። ቦርሳዋን ከሶፋው ላይ አንስቼ እየሰጠኋት፣ «ኳሷ አንቺ ጋ ስትደርስ ግን እንጃልኝ» አልኩ።