የኦቾሎኒው አማጭ

በዓይን ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል መጽሐፌን ዘርግቼ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ከፊቴ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የእንጨቱን አግዳሚ ወንበር ስትወለውል ድንገት እጇን ሰበሰበች። ስንጥር ገብቶባታል። አጠገቧ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከደረት ኪሳቸው ቀጭን ወረንጦ አወጡ። ጣቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩና በዳበሳ ፈልገው ስንጥሩን መዘዙት። ሴትዮዋ እስኪጀምሩ ስትጠብቅ እሳቸው ወረንጦውን እየጠረጉ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ያየሁበትን ቀን እንደ ተባረከ ቀን እቆጥረዋለሁ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

አርባ ዓመት ያህል በምርምር ጣቢያ ኦቾሎኒ ሲያዳቅሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባልደረቦቻቸው "አማጩ" ይሏቸው ነበር፤ አበባን ከአበባ ሲድሩ ስለሚውሉ። ከሰው አማጭ የሚሻሉት፣ የእሳቸው ሙሽሮች ተጣልተው ቤታቸው ድረስ ስለማይመጡ መሆኑን ነገሩኝ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነው ተባሉ። ሐኪሙ ያደረገላቸው ጠብታ ጭራሽ መንገዱን ስላደበዘዘባቸው፣ የእኔም ተራ ካለፈ በኋላ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤታቸው አዘገምን።

የሚያወሩት በጉም ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ቀስ እያሉ፣ አንዳንዴም እየቆሙ። ጣቢያው የገቡት ለአረም ነቀላ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት፣ ቅጠሉ ሁሉ ዋግ የመታው፣ ዝገት የነሰነሱበት የሚመስል ማሳ አገኙ። አዘኑ። ሦስት ቀን ሙሉ የታመመውን ቅጠል አንድ በአንድ ለቅመው አቃጠሉት። ለካስ ማሳው ሆን ተብሎ እንዲታመም የተዘራ ነው፤ በሽታ መሀል ቆሞ የማይታመመውን ተክል ለማግኘት። የአንድ ዓመት ሙከራ በደግነታቸው ገደል ገባ። አለቃቸው የነበሩት ሴት ተመራማሪ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ለረጅም ጊዜ ማሳውን አዩ። ከዚያ ግን አላባረሯቸውም። ቅጠል የሚያሳዝነው ሰው ቅጠል ማየትም ይችላል ብለው ማዳቀል አስተማሯቸው።

"እስካሁን እጸልይላቸዋለሁ" አሉኝ።

የኦቾሎኒ አበባ ጎህ ሲቀድ ይፈነዳል፤ ቀትር ላይ ጠውልጓል። አማጩ ነገ የሚፈነዳውን እምቡጥ ከዋዜማው አመሻሽ ላይ መርጦ ይከፍተዋል፤ በራሱ ብናኝ እንዳይፀንስ ወንዴ ክፍሎቹን ይለቅምለታል። ጠዋት የሌላውን አበባ ብናኝ አምጥቶ ይቀባዋል፤ ለምልክት ክር ያስርበታል። ከቀናት በኋላ ከአበባው ሥር ቀጭን ዘንግ ይወጣና አንገቱን ደፍቶ ወደ አፈር ይገባል። ፍሬውን የሚያፈራው እዚያ፣ ማንም ሳያየው ነው። በስውር ስለሚደረግ በጎ ሥራ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ተክልም እንዲህ እንደሚያደርግ ግን አላውቅም ነበር። መንገዱ፣ ግንቡ፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ከፊቴ ጠፍቶ፣ ከእግራችን በታች እልፍ ዘንጎች ቀስ ብለው ወደ ጨለማው ሲወርዱ የማይ መሰለኝ።

ከዓመታት በኋላ በዚያ የታመመ ማሳ መሀል አንድ ተክል ለምልሞ ቆሞ አገኙ። እሱን ብዙ ከሚያፈራው ዘር ጋር ዳሩት። ከዘጠኝ ወቅት በኋላ ዋግ የማይነካው፣ ከአንድ ሥር ሁለት እፍኝ የሚሰጥ ዘር ተገኘ። ጣቢያው ደስ አለው። ባለቤታቸው ኦቾሎኒ በእጃቸው እየፈለፈሉ ለገበያ ያቀርቡ ስለነበር፣ አማጩ የመጀመሪያውን ቅርጫት ወሰዱላቸው። ባለቤታቸው አንዱን ሞከሩ፣ ሁለተኛውን ሞከሩ፣ የአውራ ጣታቸው ጥፍር ተሰነጠቀ።

"ይሄ ኦቾሎኒህ በሽታን ብቻ መስሎኝ እምቢ የሚለው፤ እኔንም እምቢ አለኝ እኮ" አሏቸው።

ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። ይህንን ለጣቢያው ኃላፊ ሲነግሩት፣ ምርቱ ካማረ የቅርፊት ነገር ምንም አይደለም ብሎ ሳቀ። ዘሩ ለገበሬ ተሰጠ፤ እሳቸው ጡረታ ወጡ። ያን ቅርጫት ግን አልረሱትም።

ግቢያቸው ደረስን፤ ጠባብ ናት። ከግንቡ ሥር ኦቾሎኒ የተተከለበት ስድስት የቀለም ጣሳ ተደርድሯል፤ በደረጃው በኩል ሌላ ስድስት። ባለቤታቸው ብቅ ብለው "ዛሬ ደግሞ ማንን ድረህ መጣህ?" አሉና እኔን ሲያዩ አፍረው ሳቁ። የግንቡ ሥሮቹ ያው እምቢተኞቹ ናቸው። የደረጃዎቹ ደግሞ በጣት ጫን ሲሏቸው የሚከፈቱ፣ ግን ዋግ ገና ሲያያቸው የሚሞቱ ዓይነት ናቸው። ሁለቱን ማጋባት ነው የቀራቸው፤ በሽታውን እምቢ ብሎ ለሰው እጅ እሺ የሚል ዘር ለማግኘት። ልጁ እስኪጠና ሰባት ስምንት ወቅት ይፈጃል።

አበባው ጀምሯል። ከሃያ ቀን በኋላ ያበቃል። ቀጠሮው ሁለት ወር ነው።

ባለቤታቸው ትናንት እምቡጡን ለመክፈት እንደሞከሩ ነገሩኝ። ጣታቸው በቁርጥማት ስለደነዘዘ ሦስት እምቡጥ ሰብረዋል። ሲናገሩ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር ደበቁ።

"እሷ ዓይን አላት፣ ጣት የላትም" አሉ አማጩ። "እኔ ጣት አለኝ፣ ዓይን የለኝም። ስንጥር ተዳብሶ ይወጣል፤ አበባ ግን ከዳበስከው ይሞታል።"

የሚቀጥለው ዓመት እንዳለ አስታወስኳቸው። በእሳቸው ዕድሜ አንድ ወቅት ትልቅ ቁራሽ ነው አሉኝ፤ እግዚአብሔር ግን እስካሁን ሳይሰስት ስለሰጣቸው እንደማያማርሩ ጨመሩ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ወደ ጣሳዎቹ ዞሮ ነበር። አመሻሹ ግቢውን ወርቃማ አድርጎት፣ ቅጠሎቹ ለእንቅልፍ እንደሚዘጋጁ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታጠፉ ነበር።

ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ሽበት ቢኖርህም አይታየኝምና ልጄ ልበልህ። እስኪ ጎንበስ በልና ነገ የሚፈነዳው የቱ እንደሆነ ንገረኝ። ጫፉ ቢጫ የሆነው ነው። ሃያ ቀን ብቻ፣ ማታ አንዴ፣ ጎህ ሲቀድ አንዴ፣ ዓይንህን ታውሰኛለህ?"