መላሽ ያጣ የሰርግ ስድብ

እህቴ ስትዳር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከሚዜዎቿ ሁሉ ታናሿ እኔ ነኝ።

ያኔ በኛ መንደር፣ ከጨፋ ሜዳ ዳር፣ ሰርግ ማለት ሲርባ ነው፣ የኦሮምኛው ዘፈንና ጭፈራ። ያለ ጭፈራ የተዳረች ልጅ፣ ተሸጠች እንጂ ተዳረች አይባልላትም። የሙሽሪት ወገን በአንድ ረድፍ፣ የሙሽራው ወገን ፊት ለፊት ይቆማል። አቧራው እስኪጨስ ይዘለላል፣ ይጨበጨባል፤ መሃል ላይ ደግሞ ስድብ አለ። አዎ፣ ስድብ! ሴቶቹ ሙሽራውን በግጥም ይሰድባሉ፣ የሱ ወገኖች ብሰው ይመልሳሉ፣ ከዚያ ሁለቱ ረድፍ ተቀላቅሎ አንድ ዘመድ ይሆናል። መልስ የቆየበት ካለ፣ ግጥሙ ይደገምለታል። አስቦ እንዲመልስ ነው፤ ለእንግዳ ክብር ነው።

አውራጇ የአባቴ እህት ነበረች። አዳዳ እንላታለን፣ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። ልጅ አልነበራትም፤ እህቴን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ለዚያ ቀን ግጥም ስታወጣ፣ ላም እያለበች እንኳ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

የሙሽራው ሰዎች ከከሚሴ በባጃጅ ተደርድረው መጡ። ሰርግ በሞንታርቦ የለመዱ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ግን ይህን ማን አስቦት! እንደኛው ኦሮምኛ ይናገራሉ፣ እንደኛው ይሰግዳሉ፤ ሲርባው አይጠፋቸውም አልን። አዳዳ ከረድፉ ወጣ ብላ አወረደችው፦

ሙሽራው መጣ አሉ በባጃጅ ታዝሎ፣
እናቱ ምን አብልታው፣ እንደ ገለባ ቀሎ?

እኛ በሳቅ ፈረስን። ወዲያ በኩል ዝም። አዳዳ ግጥም የጠፋባቸው መስሏት ደገመችላቸው። ሴቶቹ ያጨበጭባሉ፦ "ዴብሳ! መልሱ እንጂ፣ ምላሳችሁን ከሚሴ ጥላችሁት መጣችሁ?" እሷም በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብላ፣ ቀስ አድርጋ፣ አሁንም አሁንም ደገመችው።

የሙሽራው ታላቅ ወንድም ወደ መሃል ገባ።

"አንቺ ሴትዮ፣ እናታችን ምን አደረገችሽ?"

"ውይ አብሽር ልጄ፣ ጨዋታ እኮ ነው! አንተም እኔን ስደበኝ።"

"እኛ ቤት እናት አትሰደብም።"

እናትየው ባል ሞቶባት፣ የሰው ልብስ እያጠበች እንዳሳደገቻቸው የሰማነው ኋላ ነው። እህቴን ባጃጅ ላይ አሳፍረው፣ ምሳውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ረድፋችን እንደቆመ ቀረ።

ከዚያ በኋላ አዳዳ ያንን ደጅ እንዳትረግጥ ተከለከለች። እህቴ ስትወልድም አላስገቧትም። ወጥ ባረረ፣ ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር አማቷ "የተሳዳቢዎች ልጅ" ትላታለች፤ ባልየውም እናቱን ዝም በይ አላላትም። በመጨረሻ ፈታት። ልጇን እዚያው አስቀርተው ብቻዋን ሰደዷት።

ዘንድሮ የመንደራችን ወጣቶች የድሮውን ሲርባ ትዝታ እንሰብስብ ብለው ሽማግሌውንም አሮጊቱንም ጠርተው በስልክ ቀረጹ። ወላሂ፣ መልካም ሥራ ነው። ሰዉ ሁሉ ማን እንዴት ይዘል እንደነበር፣ ማን በማን እንደተሰደበ እያነሣ ይስቃል። እኔንም "አንቺ ወሬ ያምርብሻል፣ ጻፊልን" አሉኝ። ጣፋጭ ጣፋጩን ሌላው ይጻፈው።

አንዱ ጎረምሳ "አዳዳ፣ እስቲ ያቺን የባጃጇን በይልን!" ሲል ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እህቴ እዚያው አጠገቧ ተቀምጣለች። ለነሱ ያለፈ ጨዋታ ነው። የእህቴ ልጅ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኛት፣ እናቱን እንደ ባዳ ሰው "እትዬ" ነው የሚላት።

"ረሳሁት" አለች አዳዳ።

በሳምንቱ ቅቤ ቋጥራ ሚኒባስ ተሳፈረችና ከሚሴ ሄደች። የዚያችን አማት በር አንኳኳች። ከውስጥ "ማነው?" አሉ፤ ማንነቷን ተናገረች፤ ይቅርታ ልትጠይቅ እንደመጣችም ተናገረች። አልከፈቱላትም። ከዚያ ቅቤውን ለጎረቤት ሰጥታ፣ "ለልጁ አድርሱልኝ" ብላ ተመለሰች።