የሳህሊቱ ጎመንና የበክሪ አራት በርሜል

ሳህሊቱ ሰው አታምንም ነበር። አለቀ። ቄሱ መስቀል ሲያሳልሟት እንኳ መጀመሪያ ቀና ብላ ፊታቸውን ካላየች አትሳለምም። ደግሞ ይኼ አመሏ ለሥራዋ ተስማምቷታል፤ በአሰበ ተፈሪ የላይኛው ሰፈር የቦኖ ውሃ ጠባቂ ነበረችና። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ የስንቱን እንስራ በዓይኗ ስትለካ አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚያች ቁልፍ ነው። ከቦኖው ጀርባ ደግሞ ጎመን አላት። አገር ምድሩ በደረቀበት በበጋ የሷ ጎመን ቅጠሉ ይንዠረገጋል። ሰው ሲደነቅ "እጄ ነው! እጄ ያበቅላል" ትላለች።

በሃምሳ ሰባት ዓ.ም. በጋ ግን ነገር መጣ። የውሃ ሹሙ አቶ ይልቃል፣ ከጎጃም ተዛውረው የመጡ ቀጭን ሰው፣ አንድ ሰኞ ፊታቸውን አጥቁረው ቦኖው ድረስ መጡ።

"ሲነጋ ሙሉ የነበረ ገንዳ ቀትር ላይ ይጎድላል፤ አንቺ ቀዳሁ ከምትይው ጋር አይገጥምም። ውሃው የት ይገባል?"

"እኔ ምን አውቄ ጌታዬ!"

"ቁልፉን ከያዘው ሰው በቀር ማን ያውቃል? እስከ ዓርብ ሌባውን አምጪ። አለዚያ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።"

ሳህሊቱ ሌባውን ለማወቅ ግማሽ ቀን አልፈጀባትም። በክሪ ነዋ! ሌላ ማን ሊሆን!

በክሪ ከታች ካለው ጋራዥ ግቢ ከባድ መኪና የሚያጥብ፣ መሰላ ከሚባለው አገር የመጣ ሰው ነው። ከአሰቦት ቆላ አቧራ ለብሶ፣ የግራሶ ቅባት ጠጥቶ የመጣውን ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ሁሉ እሱ ነው የሚያጥበው። ጠዋት ጠዋት ከቦኖው በአህያ ጋሪ አራት በርሜል ይወስዳል፤ ከአራት ፈቅ አይልም። አንዱ መኪና ግን ብቻውን ሁለት በርሜል ይፈጃል። በክሪ ደግሞ በቀን አምስት መኪና ያጥባል! ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ጠይቃለች። ይባስ ብሎ፣ ዱሮ ከግቢው እየወጣ መንገዱን ያጨቀይ የነበረው ጥቁር እጣቢ ካለፈው ዓመት ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅም። አምስት መኪና ታጥቦ እጣቢው የት ይገባል? "ከቧንቧዬ ሥር ለሥር ቀጥሏል፤ እንዳይነቃበት እጣቢውን ይቀብረዋል" ብላ ደመደመች።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ወርዳ በቁልቋል አጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች። መኪናው ድንጋይ በተነጠፈ ተዳፋት ላይ ቆሟል። በክሪ ከአንድ ጉድጓድ በጣሳ እየቀዳ ጎማው ላይ ይከለብሳል። ጉድጓድ! ሳህሊቱ አጥሩን ጥሳ ገባች።

"ያዝኩህ አንተ ዓይን አውጣ! ይኼ ውሃ ከየት መጣ?"

"አዴ ሳህሊቱ፣ አቦ ምን ሆንሽ? ከመኪናው ነው የመጣ።" ተከታትለው የተቆፈሩትን ሦስት ጉድጓዶች በጣቱ አንድ በአንድ አሳያት። "እጣቢው እዚህ ይወርዳል፣ አፈሩ ይተኛል። ወደዚህ ሲያልፍ ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ በጭድ እያነሳሁ አወጣዋለሁ። ከዚያ በአሸዋና በከሰል አልፎ ሦስተኛው ይገባል። በሱ ጎማውንና ሆዱን አጥባለሁ። ያንቺ ውሃ ለማለቅለቂያ ብቻ ነው።"

"እጣቢ መልሶ ለማጠቢያ? ማንን ልታሞኝ ነው?"

"ወንዝ ዳር ሳጥብ ከብታችን ዘይት ጠጣ ብለው በዱላ አባረሩኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ ከግቢ አላስወጣም።"

ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ዓርብ ጠዋት አቶ ይልቃልን ይዛ ከተፍ አለች።

"ወላሂ ሌባ አይደለሁም። ቁርአን አምጡና ልማል" አለ በክሪ።

"መሐላ ለሌባ ምኑ ነው!" ብላ ጮኸችበት፣ ያ ሁሉ ሾፌር እየሰማ። በክሪ አንገቱን ደፋ። ሹሙ በዶማ ዙሪያውን አስቆፈሩ። ቧንቧ የሚባል የለም። ቧንቧውን ከቦኖው ጀምረን እንከተል ብለው ሁሉም ሽቅብ ወጡ።

እዚያ እንደደረሱ በክሪ ጎመኑን አየ። ቆሞ ቀረ።

"አዴ፣ እኔ እጣቢዬን አሳየሁ። ያንቺን ጎመንስ በዚህ በጋ ማን ያጠጣዋል?"

ሳህሊቱ "እጄ ነው" ልትል ወደ ጎመኑ ዞረች። አንድ ቀን እንኳ አጠጥታው አታውቅም! ተንበርክካ ጎመኑን በገዛ እጇ ነቃቀለችው። መሬቱ ጭቃ ነው። ክንድ ያህል ሲቆፈር የግራር ሥር ቧንቧውን ሰንጥቆት ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

መጀመሪያ ደስ አላት። ቀና ስትል ግን አቶ ይልቃል እያዩዋት ነው። ያንን አስተያየት ታውቀዋለች፤ በክሪን ያየችበት የራሷ ዓይን ነው።

"ስንት ዓመት ነው በዚህ ውሃ ጎመን ስታበቅይ የኖርሽው?"

"ጌታዬ፣ አላወቅሁም! እመቤቴ ምስክሬ ናት!"

"መሐላ ለሌባ ምኑ ነው አላልሽም?" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። "ቁልፉን።"

ሳህሊቱ ቁልፉን በመዳፏ ጨበጠች። ልጆቿ ታወሷት። ከዚያ ሁሉ ሰው "እኔ አውቃታለሁ" የሚልላት አንድ እንኳ የለም፤ ማንን አምና ማን ይመናት!

በክሪ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ስንጥቁን ዳበሰ። "ሥሩ ነው የሰነጠቀው፣ ሰው አልነካውም። አላወቀችም። እኔ እምልላታለሁ።"

"አንተ? ሌባ ብላ በአደባባይ ያዋረደችህን?"

"አዋረደችኝ። ሌባ ግን አይደለችም።"

አቶ ይልቃል ወርደው በእጃቸው ዳሰሱት። ስንጥቁን አዩ፣ በክሪን አዩ። ከዚያ የዘረጉትን እጅ መለሱ፤ ቁልፉም አንገቷ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሪው መጣ። ሳህሊቱ ሌሊቱን ሙሉ ስታጠናው ያደረችውን "ይቅር በለኝ" ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ተናገረችው። "ምንም አይደል፣ አላህ ይቅር ይበለን" አለ በክሪ።

"ዛሬ አምስተኛ በርሜል ልጨምርልህ።"

"አራት ይበቃኛል፣ አዴ።"

ለምን? የሚል ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ዋጠችው። ጋሪው ግን መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ዓይኗ ሳታዘው በርሜሎቹን ቆጠረ። አራት ነበሩ። ብቻዋን ቆማ አፈረች።