ባቄላ የምታህል ጉርሻ

የማርያም ማኅበር ተራው እኛ ቤት በደረሰበት ወር ባለቤቴ አንድ ነገር ተናግሮ አስበረገገኝ። «ልጅቷ ዘንድሮ ጓዳ አትደበቅም፤ ከሰው ጋር ትበላለች» አለና ሞፈሩን ተሸክሞ ወጣ። ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ።

ልጅቷ የምላት የመጨረሻዋን ልጄን ነው። ስምንት ዓመት ሆኗታል። ምጡ ጠንቶብኝ ነው የተወለደችው፤ ስትወለድም ቶሎ አላለቀሰችም። አንገቷ እስኪጠና ብዙ ዘገየ፣ እግሯም አልቆመላት፣ እጇ ደግሞ የፈለገችውን ሳይሆን የራሱን ነው የሚሠራው። ቃል አታወጣም እንጂ ሁሉን ትሰማለች፤ ቤት ውስጥ ቀልድ ሲወራ ቀድማ የምትስቀው እሷ ናት። ትልቁ ችግሯ መዋጥ ነው። ቀጭን ነገር ሲሆን፣ ውሃም ቢሆን፣ ትን ይላታል። ጠጣር ሲሆን ያንቃታል። ሰው ልጁ ሲራብ ይፈራል፤ እኔ የምፈራው ስትበላ ነበር።

ፍርሃቴ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አንድ ጊዜ ጎረቤት ክርስትና ተጠርተን አዝያት ሄድኩ። አንዲት ደግ ሴት፣ ክፋት የሚባል ያልፈጠረባት፣ «እችስ ምን በላች?» ብላ ወጥ የጠገበ ጉርሻ ከጀርባዬ አጎረሰቻት። እኔ ከሰው ጋር እያወራሁ ነው፤ አላየሁም። ጀርባዬ ላይ ስትወራጭ ነው ያወቅሁት። ሳወርዳት ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ድምፅ የለም። አንዱ ሰውዬ ነጥቆኝ በሆዷ ደፍቶ በትከሻዋ መካከል ሲመታት ወጣላት። ሴትየዋ ከእኔ ብሳ አለቀሰች። ምን ልበላት? በፍቅር ነው ያደረገችው። እኛ ዘንድ ፍቅር የሚለካው በጉርሻ ነው፤ ትንሽ ያጎረሰ ስስታም ይባላል፣ አልጎርስም ያለ ደግሞ ጠበኛ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አብልቻት አላውቅም። ድግስ ሲኖር ጓዳ አስገብቼ፣ በሩን ገጠም አድርጌ ነበር የማበላት።

ባለቤቴ እንዲያ ያለው ግን ነገሩ ስለተለወጠ ነው። ደረቷን ደጋግሞ ሲያማት ማርቆስ ሆስፒታል ወሰድናት። እዚያ የልጆችን እጅና እግር የምታሠራ አንዲት ወጣት ባለሙያ አለች። መድኃኒቱ ከተሰጠን በኋላ ጠራችኝና «እስኪ እንዴት እንደሚያበሏት ያሳዩኝ» አለችኝ። እኔም አገሬ እንደሚደረገው ጭኔ ላይ አንጋለልኳት፣ መዳፌን አፏ ሥር አቆምኩና አጥሚቱን ቁልቁል አፈሰስኩት። እናቴም እኔን እንዲሁ ነው ያሳደገችኝ። ልጅቷ ወዲያው ትን አላት።

«እናቴ፣ እርስዎ ተንጋለው ውሃ ጠጥተው ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ አላውቅም።»

«እስኪ እዚህ ይተኙና ልስጥዎት።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። የምሯን ነው። ልጄን ወንበር ላይ አስደግፌ አግዳሚው ላይ በጀርባዬ ተኛሁ፤ በማንኪያ ውሃ አፌ ውስጥ ጠብ አደረገችልኝ። እመቤቴን እላለሁ፣ ዓይኔ እስኪያለቅስ ነው የሳልኩት! ተራ የሚጠብቁት እናቶች ሁሉ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ልጄማ ከወንበሩ ልትወድቅ ደረሰች በሳቅ። ያቺን ሳል መቼም አልረሳት። ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ አገጯን ደፍታ፣ ከታች በኩል በትንሽ በትንሹ ትብላ ተብሎ የዚያን ቀን የተነገረኝ ሁሉ በዚያች ሳል በኩል ነው የገባኝ።

ከዚያ ቤት ስንመለስ ሥራ ሆነ። ባለቤቴ ከባሕር ዛፍ ወንበር ሠራላት፤ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ጎንና ጎኑ የተደገፈ፣ እግሯ እንዳይንጠለጠል መርገጫ ያለው፣ ፊት ለፊቱ ጣውላ የተገጠመለት። ሲለካት እንደ በግ ገዢ ያገላብጣት ነበር፤ እሷ ትስቃለች። የማንኪያዋን እጀታ በጨርቅ ጠምጥሜ አወፈርኩላት፤ ቀጭኑ ከእጇ ይሾልክ ነበር። ድንቹን ቀቅዬ ከእንቁላልና ከቅቤ ጋር እፈጨዋለሁ። የአጃ ገንፎ አለሰልሳለሁ። በጾሙ ጊዜ ጨንቆኝ የንስሐ አባታችንን ብጠይቃቸው «ለእሷ እንቁላሉ መድኃኒቷ ነው» አሉኝ። ውሃው ግን አስቸገረኝ፤ ወፈር ካላለ ትን ይላታል፣ ውሃን ደግሞ እንዴት አድርገው ያወፍሩታል? አንድ ቀን ተልባ በጥብጬ ስተወው ዝልግልግ ብሎ አገኘሁት። አጥልዬ በማንኪያ ብሰጣት ጥርግ አድርጋ ጠጣችው፣ አንዲትም አላሳለችም። ብቻዬን እልል አልኩ። ለባለሙያዋ ብነግራት «ይህንንስ እኔም ለሌሎቹ እናቶች እነግራለሁ» አለችኝ። ኮራሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ኮራሁ።

ደንብም አወጣን፣ እኔና እሷ። የጎረሰችው ሳይወርድ ሌላ አይጨመርም። ሲወርድላት እጇን ጣውላው ላይ ጧ ታደርጋለች፤ «ድገሚኝ» ማለት ነው። ከንፈሯን ከገጠመች በቃኝ ነው፤ ንጉሥ ቢመጣ አያስከፍታትም። ምግቧ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድ። እየቆየ ጉንጯ ሞላ፣ ደረቷም ሰላም አገኘ። ባለቤቴ ብድግ ሲያደርጋት «ምነው አንቺ፣ ድንጋይ አበላሻት እንዴ?» ይለኛል። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ማኅበሩ ደረሰ። የእኛ አገር ብርድ ሰው ቤት ውስጥ እንዲጠጋጋ ያደርጋል፤ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጠላው ተቀዳ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ገበታው ቀረበ። ልጄን ወንበሯ ላይ አስቀምጬ አጠገቧ ሆንኩ። ድንቿን በራሷ ማንኪያ ጀመረች፤ ግማሹ አፏ ይገባል፣ ግማሹ ደረቷ ላይ ይቀራል። ሰዉ የማያይ መስሎ ያያል። እኔ ጆሮዬ ጉሮሮዋ ላይ ነው።

ያኔ የባለቤቴ አባት ተነሡ። ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጆች ድሬ እንኳ ዛሬም የሚጠሩኝ «ሙሽሪት» ብለው ነው። በትዳር ዘመኔ ሁሉ ለእሳቸው «እሺ» እንጂ ሌላ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«አንድ ከአያትሽ፣ የኔ እመቤት» አሉ።

ጉርሻው ጡጫ ያህላል። ወጡ በጣታቸው አልፎ ወደ ክርናቸው ይወርዳል። ቆመው፣ ከላይ ወደ ታች ነው የመጡባት። እሷ ደግሞ አያቷን ስታይ ደስ ይላታል፣ ደስ ሲላት ወደ ኋላ ቀና ትላለች። አንገቷ ተቀለበሰ። አፏ ተከፈተ።

«አባባ፣ ይተዉት!»

እጄ በመካከል ገብቷል። ወጡ አይበሉባዬ ላይ ተንጠባጠበ።

«ምን አልሽ ሙሽሪት?»

«ይተዉት አባባ። እንዲህ አይሆንም።»

«ጉርሻ ይመለሳል እንዴ? በእመቤታችን ቀን? ለልጄ ልጅ መርዝ ነው የያዝኩት?»

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማኅበሩን የሚመራው ሰውዬ፣ ነገር ማብረድ የሚያውቀው በቀልድ ነው። «አንቺ ሴት፣ አያትን ከልጅ ልጅ አታጣይ። ካልሆነም ወደ እኔ አዙሩት፣ የእኔ ጉሮሮ አውራ ጎዳና ነው!» አለ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ባለቤቴ የጠላ ማሰሮ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ አየሁት፣ አየኝ። ማሰሮውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ያን ጊዜ የእኔ ወገን እንደሆነ ገባኝ።

«ጉርሻዎ አይመለስም» አልኩ። «ግን እሷ የምትጎርስበት ደንብ አላት።»

«የምን ደንብ?»

«ከፊቷ ይቀመጡ፣ አባባ። ከእሷ ዝቅ ብለው።»

«እኔ? ዝቅ ብዬ?»

ምራት አማቷን ከልጅ ዝቅ ብለው ይቀመጡ ስትል በእኛ አገር የሰማ አለ? እኔም አልሰማሁም። ያኔ ልጄ አገጯን ወደ ቦታው መለሰችና፣ አያቷን ትክ ብላ እያየች፣ እጇን ጣውላው ላይ ጧ አደረገች።

ሽማግሌው ደነገጡ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስጡኝ ማለቷ ነው።»

«ለእኔ ነው የምትለው?»

«ለእርስዎ ነው እንጂ።»

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ባለቤቴ በርጩማ አቀበለ። አንድ እጃቸው ዱላቸው ላይ፣ አንዱ ጉርሻቸውን እንደያዘ፣ እያቃሰቱ ዝቅ አሉ። ፊታቸው ከፊቷ በታች ሆነ፤ እሷም እሳቸውን ለማየት አገጯን ደፋች። ያ ነው እኮ የሚፈለገው።

«አሁንስ?»

«ይቁረጡት።»

«ምን ያህል?»

«ባቄላ የምታህል።»

«ባቄላ! ይኼ ጉርሻ ነው ስድብ?» አሁን ግን ሳቁ በእሳቸውም ፊት ላይ ነበር። ቆረጡ፣ ወጡ ውስጥ ነከሩ፣ በጣታቸው አላሙት። ማንኪያ ባቀብላቸው «ጣቴ ምን ሆነና» ብለው መለሱልኝ። ከታች አመጡላት። ከንፈሯ ተቀበለ፣ ተገጠመ። ማላመጥ ጀመረች።

ወዲያው ሁለተኛውን ቆረጡ። «አንድ ያጣላል ይባላል፣ ልድገማት።»

«አልወረደም አባባ። ይጠብቁ።»

ጠበቁ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እሱም ይንቀጠቀጣል፣ የእሷም ጣውላው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ በእርጅና፣ አንዱ በተፈጥሮ። ሙሴው ራሱ ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። ጉሮሮዋ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ ደግሞ ተንቀሳቀሰ።

ጧ!

«ወረደ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው፣ በሬው ከገደል ሲወጣለት እንዳየ ሰው። ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። እሷ በጫጫታው በርግጋ ከዚያ ሳቀች፤ እሳቸው ደግሞ ሰዉን ተቆጡት። «ዝም በሉ! ስትበላ አታስቋት!» ይህንን ማንም አልነገራቸውም፤ ከራሳቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ከፊቷ አልነሣም አሉ። አንዱ ጎረምሳ አረቄ ሞቅ አድርጎት ጉርሻ ጠቅልሎ ከላይ ሲመጣ ዱላቸውን አጋደሙበት።

«ቁጭ በል! ቆሞ ማጉረስ የለም።»

«ኧረ አባባ፣ የምን ቁጭ ማለት ነው?»

«ደንብ ነው። አታውቅም እንዴ? እኔ ነኝ ያልኩህ!»

ሰዉ በልቶ እጁን ታጠበ። ወጡ በረደ። እሳቸው ባቄላ ባቄላ እየቆረጡ ቀሩ፤ የራሳቸውን ድርሻ አልነኩም። በመጨረሻ ልጄ ከንፈሯን ገጠመች። በአፏ ጠርዝ ሊሞክሩ ሲሉ እኔ «በቃኝ ማለቷ ነው» ልል ጀመርኩ።

«አውቄያለሁ» አሉኝ ሳያዩኝ። «እኔ ያልገባኝ ይመስልሻል?» ያቺን የተረፈችውን ራሳቸው ጎረሷት። ከዚያ ከበርጩማው ላይ መነሣት አቅቷቸው ልጃቸው በብብታቸው ይዞ አነሣቸው።

እንግዳው ሲወጣ ወደ እሷ እየመጣ ተሰናበታት። ድሮ የሚሏት «እግዜር ይማርሽ» ነበር። ያን ቀን አንዲት ሴትዮ ጉንጯን ነክታ «እንዴት ደስ የሚል አበላል ነው ያላት!» ብላ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ለራሷ ነገረቻት። አፏን ጠረግኩላት። ከበላች በኋላ ቶሎ አትተኛምና ወንበሯ ላይ እንዳለች አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፍርሃቱ አለ፣ አልሄደም። ጆሮዬን ደረቷ ላይ ጣል አድርጌ ትንፋሿን አዳመጥኩ። ጥርት ያለ ነበር።